ሦስተኛው ፕሪአምፕ

አቶ ኃይለ ሚካኤል ዓለምነው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ ከገዛ ቤታቸው ወለል ላይ ተዘርረው ተገኙ። ያገኘቻቸው ሂዊ የምትባል የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጎረቤት ግን ያያት ስታገኛቸው ሳይሆን፣ እጇ በደም ተበክሎ እየጮኸች ከግቢው ስትሮጥ ነው። ሲሮጥ የታየ ሰው ደግሞ ለመርማሪ ግማሽ መዝገብ ማለት ነው፤ የቀረውን ግማሽ ራሱ እስኪሞላው ይጠበቃል።

ኢንስፔክተር የብርጓል ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በላይ ካለው ቤት ስትደርስ ቁስለኛው ሆስፒታል ተወስደዋል። እስትንፋሳቸው አለ፤ አንደበታቸው ግን ተዘግቷል።

የብርጓል ተጠራጣሪ ናት። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ትናገረዋለች። አሥራ ሰባት ዓመት ወንጀል ስትመረምር "ቀድሞ ያለቀሰ ቀድሞ ይጠየቅ" የሚል የራሷን ደንብ አውጥታለች። ባሏ "ሥጋው ከማን ተገዛ ስትይኝ ቃሌን የምሰጥ ይመስለኛል" እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቅና መልሱን በልቧ ትመዘግበዋለች።

ክፍሉ የጡረተኛ የፊዚክስ መምህር ክፍል ነው፤ መጽሐፍ፣ ሽቦ፣ አንድ ያረጀ የክንድ ወንበር። ከግድግዳው ሥር ሰው የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። ከብረት ጠረጴዛው ላይ ትልልቅ ጥቅልል የሚያጫውት የድሮ ቴፕ፣ ከጎኑ ከባድ አምፕሊፋየር፣ ከፊቱ ደግሞ ሦስት የማይመሳሰሉ ሣጥኖች ተደርድረዋል። የጠረጴዛው ማዕዘን ደም ነክቶታል። ስልካቸው አልተነካም። የሸሚዛቸው ሁለት ቁልፎች ግን ተበጥሰው ወለሉ ላይ ወድቀዋል።

"በራሱ የወደቀ ሰው የገዛ ቁልፉን አይበጥስም" አለች የብርጓል።

ኮንስታብል አበባው ራሱን ነቀነቀ። "ቴፑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ኢንስፔክተር። ጥቅልሉ አልቆ ባዶውን ይሽከረከር ነበር፤ ጫፉ ጠፍ ጠፍ እያለ።"

"ሳልመጣ አንድም ነገር እንዳትነካ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ?"

"ድምፁ አስጨነቀኝ።"

የብርጓል ሦስቱን ሣጥኖች አየች። አንደኛው ብርማ፣ ሰማያዊ መብራትና ሁለት መርፌ ያለው፣ ሙሽራ የመሰለ ነው። ሁለተኛው የእንጨት ልባስ ያለው አሮጌ። ሦስተኛው ከበር ብረት የተቆረጠ የሚመስል፣ መብራትም ጌጥም የሌለው፣ አንድ ማዞሪያ ብቻ ያለው ሣጥን ነው። ከቴፑ ጋር በሽቦ የተያያዘው ይኸው መልከ ጥፉው ነበር።

*

"ምንድን ናቸው እነዚያ ሦስት ሣጥኖች?" አለቻት ሂዊን፣ ጣቢያ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው።

"ፕሪአምፕ ናቸው።"

"በሚገባኝ ቋንቋ።"

ሂዊ እጇን ታጥባለች፤ ጥፍሯ ሥር ግን ደሙ አለ። "ከቴፑ የሚወጣው ድምፅ ደካማ ነው። ትልቁ አምፕሊፋየር ጉልበት ብቻ ነው ያለው፤ የሰጡትን ያገዝፋል። ደካማውን ድምፅ መጀመሪያ ተቀብሎ፣ ሳያበላሽ አሳድጎ የሚያስረክበው ፕሪአምፑ ነው። እዚያ ላይ የተበላሸ ድምፅ ከዚያ ወዲያ አይቃናም። ጋሼ ኃይሌ ከሦስቱ አንዱን ሊመርጡ ነበር።"

"የማን የማን ናቸው?"

"ብርማውን ደመላሽ የሚባል የደጀን ነጋዴ ነው ያመጣው። አሮጌው የራሳቸው ነው። ሦስተኛውን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ በእጄ።" እዚህ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ቀና አለ። "ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። እሳቸው ከመረጡት ሱቄን እከፍታለሁ። የእሳቸውን ጆሮ አገሩ ሁሉ ያምናል።"

"ካልመረጡትስ?"

ሂዊ ጥፍሯ ሥር ያለውን ደም ትፍቅ ጀመር። የብርጓል ይህንንም መዘገበች።

"ዓርብ ማታ በስልክ 'ብርማውን ሳልወስደው አልቀርም' ብለውሻል። መልእክቱን አንብቤዋለሁ።"

"'ያንቺን ነገ ሳልሰማ ግን አልወስንም' ብለውኛልኮ! እሱንም ያንብቡት። ዓርብ አመሻሽ አስቀምጬላቸው ነው የሄድሁት፤ ቅዳሜ ሊሰሙት። ጠዋት ዕቃ ልቀበል ደጀን ወርጄ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ መናኸሪያ ደረስሁ። ስገባ ወድቀዋል፤ ቴፑ አልቆ ይሽከረከራል። ላነሣቸው ሞከርሁ፣ አቃተኝ፣ ሮጥሁ።"

"ዘጠኝ ከሃያ ደርሰሻል። ጎረቤት እንደሚሉት፣ ቴፑ ላይ ያለው ማሕሌት ያለቀው ዘጠኝ ተኩል ነው። ስትሮጪ የታየሽው ዘጠኝ ከአርባ አምስት። ሰዓቱ ላንቺ የተሰፋ ነው ልጄ።"

ሂዊ አሁን አለቀሰች። እስካሁን አለማልቀሷን የብርጓል ልብ ብላለች፤ ነገር ግን ማስረጃ አይሆንም። ሕጉ አርባ ስምንት ሰዓት ይሰጣል። ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ሰውየው ከሞቱ ደግሞ ክሱ ሌላ ነው።

ከጣቢያው በር ላይ እናቷ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የብርጓል ስታልፍ አልተነሡም፤ አልለመኑምም። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ ለራሳቸው፣ እንድትሰማ አድርገው።

*

ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ያለምወርቅ ነገር የሚጠይቃቸው ሰው ያገኙት በስንት ጊዜ ይመስላል።

"ስምንት ሰዓት ሲሆን ጀመረ። የሰዓቱን ነገር ለኔ ተይው፤ ሐሙስም ዓርብም በስምንት ነው የጀመረ። ያው የታወቀው ማሕሌት ነው፣ የየኔታ እንዳላማው። ጎጃም ውስጥ ያ ካሴት የሌለበት ቤት አለ? እናቴ ስትሞት እሱን ነው ያስከፈተች። ልብስ እያጠብሁ እስከ ፍጻሜው ሰማሁት። ዘጠኝ ተኩል ላይ አለቀ።"

"ጠብ፣ ጩኸት?"

"ከበሮ እየተመታ ምን ይሰማል ብለሽ?"

"ማን ገባ? ማን ወጣ?"

"ሰው አልገባም። ያችን ልጅ ነው ያየሁ፤ ስትሮጥ።"

የብርጓል ከፍ ባለው አጥር በኩል አሻግራ አየች። ዘጠኝ ተኩል ድረስ ሰውየው ቴፕ እየሰሙ ነበር ማለት ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመቱ። በዚያ ሩብ ሰዓት የታየችው አንዲት ልጅ ናት። ነገሩ ሲበዛ ቀና ሆኖባት ከፋት። ሲበዛ የቀና ነገር ያሳክካታል።

*

ደመላሽ "ቅዳሜ ደጀን ነበርሁ፤ ከሱቄ ንቅንቅ አላልሁም" ብሎ ምሎ ነበር። አበባው በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪናውን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እዚሁ ማርቆስ ያየ ሰው አመጣ። የብርጓል ደስ አላት። ውሸታም ስታገኝ ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለች።

"ለምን ዋሸህ?"

ደመላሽ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ። "ኢንስፔክተር፣ በእመብርሃን! ይህን ይተዉልኝ።"

"እመብርሃንን ተዋትና ቃልህን ስጥ።"

ነገሩ ወጣ። ብርማውን ፕሪአምፕ ለአቶ ኃይለ ሚካኤል "ሰምተው ይወስኑ" ብሎ ሳይሰጥ፣ ቀድሞ ለአንድ የሆቴል ባለቤት ሸጦታል። ቅዳሜ ሆቴለኛው ዕቃዬን ብሎ ስለያዘው፣ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሲለምነው ነው የዋለ። ሆቴለኛው መሰከረ፣ አስተናጋጇ መሰከረች፣ ያልበላው ክትፎ ሳይቀር መሰከረበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አሁን ዕቃው የፖሊስ ኤግዚቢት ሆኖ ሁለቱም ገዢዎች ቀርተውበታል።

"መታኋቸው ብልዎ ይቀለኝ ነበር" አለ ሲወጣ፣ በእፍረት።

*

መሪጌታ እንዳላማውን ያገኘቻቸው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ነው። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ጋቢያቸው የነጣ፣ ነርሶቹ ሁሉ እየቆሙ እጅ የሚነሷቸው የዜማ መምህር ናቸው። የታወቀው ካሴት በስማቸው ከተሰራጨ አርባ ዓመት አልፎታል። ከይጁቤ እስከ ጉንደ ወይን ተማሪ የመጣላቸው፣ ወንበር የተተከለላቸው፣ "ያ ድምፅ" እየተባለ ነው።

የብርጓል ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች። ተጠራጣሪ ብትሆንም የጎጃም ልጅ ናት።

"ልጄ ነው" አሉ መሪጌታ፣ ወደ በሩ እያዩ። "አባቱ መሪጌታ ዓለምነው ባልንጀራዬ ነበር። ሲሞት ይኸ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ አባቱም የኔታውም እኔ ነኝ። ትተርፋለች ይላሉ ነፍሱ?"

"አይታወቅም የኔታ። የጥቅልሉ ነገር እንዴት ነው? ካሴት እያለ ለምን አስፈለጋቸው?"

"ካሴቱ ከቅጂ ቅጂ ሲገለበጥ የኖረ ነው፤ ዝጓል። ይኸ ዋናው ነው። ያን ጊዜ የቀዳው የግብርና ሠራተኛ ሲሞት ሚስቱ ለኃይሌ ሰጠችው። እሱም 'የኔታ፣ ድምፅዎን እንደ ትናንት አድርጌ አሰማዎታለሁ' ብሎ ይኸን ማጉያ ይመርጥ ጀመር። ሐሙስና ዓርብ አብሬው ሰማሁ።"

"ቅዳሜስ?"

"ቅዳሜ የወር ማኅበር ነበረብን። ዘጠኝ ሳይሞላ ደርሼ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበል ጠዲቁን ስባርክ ዋልሁ። አርባ ሰው አለ።"

"ለእርስዎ የቱ ተሻለ?"

"አሮጌው። ብርማው ከበሮውን ብቻ ያጮኸዋል። የልጅቷ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ድምፅን ከድምፅ ይለያያል። ዜማ ተስማምቶ አንድ ሆኖ ሲሰማ ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ጥቅልሉ እናንተ ዘንድ ነው አሉ። የአደራ ዕቃ ነው። እኔ ባስቀምጠው?"

"ምርመራው ሲያልቅ የኔታ።"

ማኅበሩን አበባው አጣራ። አርባ ሰው ሳይሆን አርባ ሦስት ሰው ነበር፤ ሁሉም ከዘጠኝ በፊት መድረሳቸውን በአንድ ቃል ተናገሩ። በምርመራ ሕይወቷ እንዲህ ያለ ንጹሕ ምስክርነት አይታ አታውቅም። ይኸም አሳከካት፤ ግን ቄስ ዘመዶቿን ሳይቀር ስለምትጠረጥር ለራሷ "ነውር ነው" ብላ ተወችው።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቱ ብቻዋን ተመለሰች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እሳቸው እንደሚቀመጡት። እጇን በወንበሩ ጎን ስትሰድ ከጨርቁና ከእንጨቱ መካከል የተወሸቀ ደብተር አገኘች።

የመምህር እጅ ጽሑፍ ነው። ገጹ ራስጌ "አንደኛው፣ ብርማው፣ ሐሙስ" ይላል። ማሕሌቱ ከነግሥ እስከ ሰላም በዘጠኝ ክፍል ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ አንድ መስመር ጽፈዋል። ዘጠኝ መስመር። "ከበሮው ደረት ይመታል፣ ሰው ግን የለበትም" ይላል አንዱ። ሁለተኛው ገጽ "ሁለተኛው፣ አሮጌው፣ ዓርብ"፤ ይኸም ዘጠኝ መስመር። "ይሞቃል። የኔታ ወደዱት። ድምፆቹ ግን ጭጋግ ውስጥ ናቸው።"

ሦስተኛው ገጽ "ሦስተኛው፣ የሂዊ፣ ቅዳሜ" ይላል። ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው።

የብርጓል ደብተሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። የመጀመሪያው መስመር "እግራቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማል።" ሁለተኛው "የሳል ድምፅ፣ ከግራ በኩል። እግዚኦ!" ሦስተኛው በችኮላ የተጻፈ ነው። "አንድ ሰው በሹክሹክታ 'ዓለምነው፣ አንሣው' አለ። ያን ጊዜ ከፍ ያለው ድምፅ ወጣ። አባቴ ነው። ሁልጊዜም አባቴ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

የብርጓል መስመሮቹን በጣቷ ቆጠረች። ለእያንዳንዱ ክፍል ሳይሰንፉ የጻፉ ሰው፣ የአባታቸውን ድምፅ ካገኙ በኋላ ስድስት ክፍል ሙሉ ዝም ብለው አይሰሙም። አራተኛው መስመር የሌለው እጃቸው ስለማይጽፍ ነው። ክፍሉ በግምት አሥር አሥር ደቂቃ ነው። የወደቁት ስምንት ተኩል ላይ ነው እንጂ ዘጠኝ ተኩል ላይ አይደለም። የቀረውን አንድ ሰዓት ቴፑ የዘመረው ለወደቀ ሰው ነው።

ስምንት ተኩል ላይ ሂዊ የት ነበረች? አበባው የሚኒባሱን ሾፌር በስልክ አገኘው። "ያች ሽቦ የታቀፈች ልጅ? ከደጀን ሰባት ተኩል አሳፈርኋት። ስምንት ተኩል ላይ ገና መንገድ ላይ ነበርን፤ ጎማ ስንቀይር እሷ ነች ጃኩን የያዘችልኝ።"

ታዲያ ማን? የብርጓል ገጹን እንደገና ገለጠች፤ ዐይኗ ቀኑ ላይ ዐረፈ። የሂዊ ሣጥን ከቴፑ ጋር የተያያዘው ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ቤት አልተሰማም። "የልጅቷ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ድምፅን ከድምፅ ይለያያል" ያሏት ሰው ቅዳሜ አልመጣሁም ብለዋታል።

በአጥሩ ላይ ወይዘሮ ያለምወርቅን ጠራቻቸው።

"እትዬ፣ ቅዳሜ ሰው አልገባም ብለውኛል።"

"አልገባም።"

"የኔታስ?"

"ይእ! የኔታማ በየቀኑ ነው የሚገቡ። ስምንት ሰዓት ሲሆን በጓሮው በር ገቡ፤ ማኅበር ስላለባቸው ቶሎ ወጡ። እሳቸውንም ሰው ብዬ ልቁጠርልሽ?"

*

አንድ ነገር ግን አልገባ አላት። ሰው መትቶ የሚወጣ ሰው ቴፑን ያጠፋል፤ ወይም ጥቅልሉን ይዞ ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከዚያ ጥቅልል ነውና። ለምን እየዘመረ ተወው? ስታስበው ዋለች፤ መልሱ ሲመጣላት ግን ራሷን ልትጠረጥር ምንም አልቀራት።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ መሪጌታን "ጥቅልሉን መጥተው ይለዩልን" ብላ ወደ አቶ ኃይለ ሚካኤል ቤት አስጠራች። ሂዊን ከማረፊያ ክፍል አስመጥታ ሽቦውን አስቀጠለች። አበባው በሩ ላይ ቆመ።

ቴፑ ተነሣ። የብርጓል ዜማ አታውቅም፤ ቢሆንም ጠጉሯ ቆመ። ሰዎቹ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ይመስላል። የመቋሚያ ምት፣ የጋቢ መወዛወዝ፣ ከግራ በኩል ሳል። ሂዊ ሥራዋን በዚያ ቤት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነውና አፏን በእጇ ያዘች።

"የኔታ፣ የእርስዎ ድምፅ የቱ ነው?"

"ከፍ ያለው" አሉ መሪጌታ። ዐይናቸውን ከወለሉ አላነሡም።

ሁለተኛው ክፍል አልቆ ሦስተኛው ሊጀመር ሲል፣ በዝምታው መካከል ሹክሹክታ መጣ። "ዓለምነው፣ አንሣው።" ከፍ ያለው ድምፅ ተነሣ፤ ከሥሩ ሌላ ወጣት ድምፅ እየተከተለው። አበባው እንኳ ገብቶት ወደ ሽማግሌው ዞረ።

ሦስተኛው ክፍል አልቆ አራተኛው ተጀመረ። ያን ጊዜ የብርጓል ተነሣችና ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች።

"እንዳትነኪው!"

መቋሚያው ወደቀ። መሪጌታ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደተነሡ ሳይታወቅ እጇን አንቀው ይዘዋል። "ማሕሌት ተጀምሮ አቡነ ዘበሰማያት ሳይደገም አይቆረጥም! አይቆረጥም ልጄ!"

የብርጓል እጇን አላስለቀቀችም። "ቅዳሜም እጅዎ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር የኔታ። ጥቅልሉን ሊያወጡት ነበር። አልቻሉም።"

እጃቸው ላላ። ተመልሰው ተቀመጡ፤ በአንድ ጊዜ አነሱ።

"ይፈጸምና እነግርሻለሁ" አሉ።

መጠበቅ የማይሆንላት የብርጓል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። አራቱም ቁጭ ብለው የሞተውን ሰው ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰሙ። አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም መሪጌታ አብረው ደገሙ። የቴፑ ጫፍ ማማታት ሲጀምር ተናገሩ።

"ካሴቱ መጀመሪያ ሲወጣ እኔ አላልሁም፤ ሰው ነው ያለ። 'የእንዳላማው ድምፅ' አሉ። ዓለምነው ታሞ ነበር፣ ሳቀ፤ 'ይሁንልህ' አለኝ። ሞተ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ላስተባብል? ተማሪ መጣ፣ ወንበር ተሰጠኝ፣ አርባ ዓመት ሆነ። ቅዳሜ ያ ሹክሹክታ ሲሰማ ኃይሌ ዞሮ አየኝ። ምንም ክፉ አልተናገረኝም። 'የኔታ፣ አባቴ ነው፤ ለሰው ሁሉ ላሰማው' አለኝ፤ ደስ ብሎት! ደስታው ነው ያሳበደኝ። 'ያን አሮጌውን ምረጥ፣ ይኸን ተወው' ብዬ ለመንሁት። እንቢ አለኝ። ሸሚዙን ያዝሁ። ገፋሁት።"

"ከዚያስ?"

"የሞተ መሰለኝ። ጥቅልሉን ላወጣ ሄድሁ፤ ማሕሌቱ መካከል ላይ ነው። እጄ እንቢ አለኝ። ከፍጻሜው በኋላ ተመልሼ እወስደዋለሁ ብዬ ወጣሁ።"

የብርጓል ልትቆጣ አልፈለገችም፤ ሆኖም ተቆጣች።

"ማሕሌቱን መቁረጥ ፈሩ። ያሳደጉትን ልጅ ደሙ ሲፈስ ጥለው መሄድ ግን አልፈሩም። ሄደው ጠበል ጠዲቅ ባረኩ! ያን ጊዜ ሰው ቢጠሩ፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሆስፒታል ይደርስ ነበር። ይቺን ልጅ ጣቢያ ሳሳድራትም ያውቁ ነበር።"

መሪጌታ ወደ ሂዊ ዞረው ጎንበስ አሉ፤ ሂዊ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

*

ሰኞ ማለዳ ከሆስፒታል ተደወለ። እሑድ ቢሮ ዝግ ስለነበር የብርጓል የሂዊን መፈቻ ደብዳቤ ያን ጊዜ ነው የፈረመች፤ ስታበቃ በመኪና አሳፍራት ሄደች። መንገድ ላይ "ይቅርታ" አለቻት። ተጠርጣሪን ይቅርታ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ስለነበር ቃሉ ጎርባጣ ሆኖ ነው የወጣ።

ሂዊ "ያን ያህል ባላጠራው ኖሮ ጋሼ ኃይሌ አይመቱም ነበር" አለች። "ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። ከእኔ ሣጥን በፊት ሁሉም ሰው ሰላም ነበር። ስትመልሱልኝ አፈርሰዋለሁ።"

መኪናው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ዐይናቸው ግን ተከፍቷል። የብርጓል ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ወረቀቷን አወጣች።

"ማን መታዎት?"

"ወድቄ ነው" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"መሪጌታ አምነዋል።"

ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። "የምበላው የምለብሰው ሳይኖረኝ ያሳደጉኝ ናቸው። እኔ አልከሳቸውም። ወድቄ ነው ብለሽ ጻፊ።"

የብርጓል ውሸት መሆኑን እያወቀች፣ ቃላቸውን ሳትቀንስ ጻፈችው። ክሱ በእሳቸው ፈቃድ የሚቀር አይደለም፤ ያንን ለመንገር ግን ዛሬ አልጨከነችም።

ሂዊ እግራቸው ዘንድ ቆማለች። "ጋሼ ኃይሌ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ነገር አፈርሰዋለሁ፤ ማንም ዳግመኛ አይሰማበትም።"

ሰውየው ቀና ሊሉ ሞከሩ፤ ነርሷ ከለከለቻቸው። እጃቸውን ግን ከአንሶላው አውጥተው የሂዊን ጣቶች ያዙ።

"አርባ ዓመት አባቴን በሰው ስም ስሰማው ኖሬያለሁ" አሉ። "እንዳትነካኪው። ሦስተኛውን እወስዳለሁ።"